በአባወራው በኩል ብቻ

በምሥራቅ ሱዳን በአንድ የስደተኞች መጠለያ መዝገብ ቤት፣ ፅናት የኮምፒውተሩን መስኮት አየችው። የበሰበሰ ነገር እንደነካች ሁሉ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ከፊቷ እትዬ አሰፋች ትንሿን ሳምሪን ይዘው ቆመዋል። ባለቤታቸው አቶ ኪዳኔ ለሰሊጥ አጨዳ ፋሽጋ ወርደው እባብ ነድፏቸው ካረፉ አርባቸው ገና መውጣቱ ነው። ሳምሪ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷ ዛሬ አልቋል፤ ስሟ ደግሞ በክሊኒኩ መዝገብ ላይ የለም። ስሟ ከመዝገቡ ታትሞ ካልወጣ መድኃኒት ቤቱ አይሰጥም።

"ሁዜይፋ! ምን አደረግህ?"

"ወላሂ፣ ትናንት ሟቹን ብቻ ነው የሰረዝኩት" አለ መዝጋቢው።

"ሟቹን ሰርዘህ ሦስት ሰው ቀበርክ!"

"እኔማ በቁሜ ስቀበር የመጀመሪያዬም አይደል" አሉ እትዬ አሰፋች። "ለልጅቱ ነው እንጂ።"

ፅናት ፕሮግራሙን ከፈተች። "አባወራ" የሚል ክላስ፣ የሰው መረጃ የሚቀረጽበት ሻጋታ፣ አለ። ሚስትና ልጅ በእሱ ሆድ ውስጥ ብቻ የሚፈጠሩ ኦብጀክቶች፣ ጥገኛ መረጃዎች፣ ናቸው። ሳምሪ ዘንድ ለመድረስ ከአባወራው ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ ልጅቱ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። እሱ ሲጠፋ የሆዱን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

"ኤጭ! የትኛው ቆሻሻ ነው እንዲህ የጻፈው?"

ሁዜይፋ ጎሮሮውን ጠረገ። "ያ ኡኽቲ... እህቴ፣ የጻፈው ሰው ስም ከላይ አለ።"

ስሙ የራሷ ነበር።

ኡም ጋርጉር በሚባለው የስደተኞች መጠለያ ስታድግ ያየችው የእርዳታ ካርድ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ከላይ የአባት ስም፣ ከሥሩ "ሚስት አንድ፣ ልጅ አራት"። የእናቷን ቁጥር መሆን እየተጸየፈች አደገች፤ ሥራ ስትይዝ ያንኑ ካርድ በገዛ እጇ ጻፈችው።

ያለፈውን ሳምንት የመዝገቡን ቅጂ መለሰችና እስከ አሥር ሰዓት ቀና አላለችም። "ሰው" ለብቻው የሚቆም ክላስ ሆነ። "ቤተሰብ" ሰዎቹን ይጠቁማል እንጂ አይውጣቸውም። በሁለት ሰው መካከል ያለውን ደግሞ "ዝምድና" የሚባል ሌላ ክላስ ያዘው፤ ከየትኛውም ጫፍ ይገባበታል።

"እትዬ፣ ሳምሪ ምንዎ ናት?"

"የክርስትና ልጄ። እናቷ ሐምዳይት ድንበር ላይ ስትሞት እጄ ላይ ቀረች። ካርዱ ላይ ግን የኪዳኔ ልጅ ተባለች።"

ፅናት "የክርስትና ልጅ" ብላ ጻፈች።

"ኪዳኔንስ ጨርሳችሁ አጠፋችሁት?"

"አይጠፉም። ማረፋቸው ይጻፋል፤ ባልዎም ሆነው ይቆያሉ።"

"እኔስ እሱ ሳይኖር አለሁ?"

"አሉ፣ እትዬ።"

ማሽኑ የሳምሪን ስም አትሞ አወጣ። እትዬ አሰፋች ወረቀቱን ተቀብለው ልጅቱን እየጎተቱ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሮጡ። ፅናት የቀሩትን የአባወራ መዝገቦች ከመንካቷ በፊት እጇን በሳሙና ልትታጠብ ወጣች።