አጎቴና የግራር ቅጠሎቻቸው

አጎቴ ካርቱም ውስጥ የዛፎችን ዝምድና በዲኤንኤ ለምታጠና ሱዳናዊት ዶክተር ቅጠል ይሰበስቡ ነበር። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ይጽፋሉ፤ አንዱን በፖስታው ላይ፣ ሌላውን ቅጠሉ ላይ በክር በሚያስሩት ብጣሽ ወረቀት። ማገዙ ሲሰለቸኝ «ቁጥሩ ከጠፋ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ ማን ያውቃል?» ይሉኝ ነበር።

ጦርነቱ ሲብስ ካርቱም ካለው ሰፈራችን ከባሕሪ ስንወጣ ልብሳቸውን ትተው ፖስታዎቹን ያዙ። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ቦርሳቸውን ከፈተ።

«ዳ ሽኑ? ምንድን ነው ይሄ? ሐሺሽ ነው?» ብሎ ጠመንጃውን ወደ ደረታቸው አዞረ።

«የግራር ቅጠል ነው፣ ልጄ» አሉት በዐረብኛ። «ሐሻብና ጠልህ የሚባሉት ሁለቱ ግራሮች ወንድማማች ይመስላሉ። ሲመረመሩ ግን የሩቅ ዘመድ ናቸው።»

ወታደሩ ፖስታዎቹን እየቀደደ ቅጠሉን መሬት ላይ በተነው።

«ጋሼ፣ ይተዉት፣ እንሂድ!» ብዬ እጃቸውን ጎተትኩ። እሳቸው ግን አፈሙዙ ሥር ተንበርክከው፣ ክሩ እንዳይፈታ እየተጠነቀቁ አንድ በአንድ ለቀሙ። ወታደሩ አያቸውና ጠመንጃውን አውርዶ «ያላ፣ እለፉ» አለን።

ቅጠሎቹን ገዳሪፍ ለሸሸችው ዶክተር አደረስን። ከወራት በኋላ አጎቴ በወባ አረፉ። ሰልስታቸው በወጣ ማግስት፣ መርዶውን ያልሰማችው ዶክተር ደወለችልኝ።

«የአንደኛው ዛፍ ዲኤንኤ ከሚታወቁት ግራሮች ከማንኛቸውም ጋር አልገጠመም!» አለች፣ በደስታ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሌላ ቅጠል ያስፈልገኛል። ዛፎቹ ያሉበት ቦታ የተጻፈበት መዝገብ በጦርነቱ ተቃጥሏል፤ ዛፉ የት እንደቆመ የሚያውቁት አጎትሽ ብቻ ናቸው። እስቲ አገናኚኝ።»

ስልኩን የምሰጠው ሰው አልነበረኝም።