ያልተቋጠረ ግንባር

ከዓይኔ ሥር ያለውን ጉድጓድ የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ገና ሙሽራ ሳለ በተነሣው ፎቶ ላይ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ቆሞ ያደረ ሰው ይመስላል። ደሴ እያለሁ ይህን ቁም ነገር ብሎ ያነሣብኝ አልነበረም፤ የቤተሰባችን ፊት መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ፊቴ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ነገር የሆነው መቀሌ በመምህርነት ተመድቤ ከመጣሁ በኋላ ነው። ባልደረቦቼ ጠዋት ጠዋት ሰላምታውን ሳይጨርሱ አሞሽ ነበር ወይ ይሉኛል። ደኅና ነኝ ስላቸው እሺ ይላሉ፤ ግን አያምኑኝም። ያን ጊዜ የከሳና ዓይኑ የጎደጎደ ሰው ሲታይ ሁሉም በሆዱ የሚያስበው በሽታ አንድ ብቻ ስለነበር፣ ምን እየጠየቁኝ እንደሆነ አልጠፋኝም።

እንዲያም ሆኖ አገባሁ። ባሌ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ የቤት መሥሪያ ዕቃ የሚሸጥ የመቀሌ ልጅ ነው፤ በዕድሜም ትንሽ ያንሰኛል። ለጋብቻው የደም ምርመራ ውጤታችንን ስናቀርብ ዘመዶቹ እፎይ ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ዕለት እንኳን ሥቄ ነው ያለፍኩት። እሱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲያወራኝ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያየኝ ነበር። ልጆች መጡ፣ ሱቁ ሰፋ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን፣ ቁልፉን፣ የልጆቹን ጫማ እያየ ያወራኝ ጀመር። ምን ጎደለብሽ የሚለኝ ሰው ቢኖር መልሴ አጭር ነበር፦ ባሌ አያየኝም። በሕይወቴ የፈለግኩት ትልቁ ነገር ይህ ነበር ብል ሰው ይሥቅብኝ ይሆናል። ይሣቅ።

አንድ ቅዳሜ ምሳውን ይዤለት ሱቅ ሄድኩ። ሚስማር የሚገዛ አንድ ሰውዬ ሰሐኑን ስከፍት አየኝና ወደ ባሌ ዞሮ፣ “ዓባይ ሓፍትኻ ድያ?” አለው። ታላቅ እህትህ ናት ወይ ማለቱ ነው። ባሌ ሚስቴ ናት ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ሚስማሩን መመዘኑን ቀጠለ። ሰውዬው ዕቃውን ተቀብሎ፣ እኔንም በአክብሮት እጅ ነሥቶኝ ሄደ። ማታ ቤት ውስጥ ነገሩን ሳነሣበት፣ ሰውዬው ክፉ አላሰበም፣ ደግሞስ እህቴ ብትመስዪ ምን ትሆኛለሽ አለኝ። ይህን ሲለኝም የሚያየው የቴሌቪዥኑን መክፈቻ ነበር። እርር ድብን አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ፊቴ ላይ ያልለጠፍኩት ነገር የለም። ኪያር ቆርጬ ለጥፌ ተኛሁ፣ የእንቁላል ነጭ ቀብቼ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ የሻይ ከረጢት አቀዝቅዤ ዓይኔ ላይ አኖርኩ። የእንቁላሉ ጊዜ ትንሹ ልጄ ገብቶ አይቶኝ በድንጋጤ አለቀሰ፤ እሱስ ምን ያድርግ፣ እኔም በመስታወት ሳየው ደንግጫለሁ። ቀጥሎ አንዲት ባልደረባዬ ከገበያ የሚገዛ ቅባት ጠቆመችኝ። የሰፈራችን ሴት ሁሉ የምትቀባው ነው ብላኝ ነበር። ቆዳዬን አነጣው፤ ግን አሳሳውና ከሥሩ ያለው ደም ሥር ብቅ አለ። ጉድጓዱ እንደነበረ ሆኖ ዙሪያው ነጣ። በዚያ ፊት ተማሪዎች ፊት መቆም እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የቆመ ያውቀዋል።

በመጨረሻ በሚኒባስ ዓይደር ሆስፒታል ወርጄ አንዲት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ናት፤ ጉንጯ ሞላ ያለ። መጀመሪያ ቅባቱን ጣዪው አለችኝ። ቀጥላ መስታወት አስያዘችኝና መብራቱን ከላይ ወደ ታች አውርዳ ከአገጬ በታች አበራችው። ከዓይኔ ሥር ያለው ጥቁረት ጠፋ። ብርሃኑን ወደ ላይ ስትመልሰው ተመልሶ መጣ። የምታዪው ጥቁረት ሳይሆን ጥላ ነው፣ ጉድጓዱ የሚጥለው ጥላ ነው፣ ጥላን ደግሞ ቅባት አያነሣውም አለችኝ። ያን ሁሉ ዘመን ጥላ ሳሽ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ምን ይደረግለታል አልኳት። ሳትሰለች አስረዳችኝ። ከዓይን ሥር በመርፌ የሚሞላ ጄል አለ፤ ጉድጓዱን ወዲያው ይሞላዋል፣ ግን ዓመት ገደማ ሲሆነው ሟሙቶ ያልቃል። የራስን ደም አጣርቶ መልሶ መውጋት አለ፤ ውጤቱ ቀስ ያለና ትንሽ ነው። ቆዳን የሚያጠብቅ ጨረር አለ፣ ቀዶ ጥገናም አለ። ለግንባሬ መስመሮች ደግሞ ጡንቻውን ለጥቂት ወራት የሚያላላ ቦቶክስ የሚባል መርፌ አለ። እዚህ ከተማ ደፍሬ የምልክሽ ሰው የለኝም፣ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው አለች። ደግሞ በሽታ የለብሽም፣ ብትተዪውም ምንም አትሆኚም አለችኝ። በዚያ ሙሉ ጉንጭ ይህን ማለት ቀላል ነው ብዬ በሆዴ ሰደብኳት። ምስኪን፣ ያለችው ሁሉ እውነት ነበር።

የእህቴ ልጅ ክርስትና ሲደርስ አዲስ አበባ ሄድኩ። ለባሌ የነገርኩት ክርስትናውን ብቻ ነው። ቦሌ አካባቢ ያለ ክሊኒክ እህቴ ወሰደችኝ። ዋጋውን አልናገርም። ሐኪሙ ከዓይኔ ሥር ጄሉን ሞላው፣ ግንባሬንና በቅንድቦቼ መሐል ያለውን ቦታ ቦቶክስ ወጋው። እንዳታሺው፣ በፊትሽ ተደፍተሽ እንዳትተኚ አለኝ። ግንባርሽ ከቀናት በኋላ ይለሰልሳል፣ ለተወሰነ ጊዜም ብትፈልጊም ልትቋጥሪው አትችዪም ሲለኝ፣ እሰይ አልኩት። ለምን ብዬ እቋጥረዋለሁ? እብጠቱ ጎድሎ መስታወት ሳይ ከዓይኔ ሥር ያለው ሜዳ ሆኗል። አባቴ ከፊቴ ወጥቶ ሄዷል። ደስ አለኝ፤ ዛሬም አልክደውም፣ እንደ ልጅ ነው የተደሰትኩት።

ባሌ መቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለኝ። ሻንጣዬን ከመኪናው ኋላ እየጫነ አንዴ ቀና አለና፣ ፀጉርሽን ተሠራሽ እንዴ አለኝ። ፀጉሬን አልተሠራሁም። እስከ ቤት ድረስ ስለ ቆርቆሮ ዋጋ አወራኝ። ያየችኝ እናቱ ናት። እሷን እንደ አገሩ ልማድ አደይ፣ እናቴ፣ እላት ነበር፤ ትግርኛ ያስተማረችኝ፣ ወልጄ ስተኛ ያረሰችኝ፣ ልጇ ሲያጠፋ ለእኔ የምትቆጣልኝ ሴት ናት። ልስማት ጎንበስ ስል ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ጸቢቕኪ ጓለይ አለችኝ፤ ተዋብሽ ልጄ ማለቷ ነው። ምን አድርገሽ ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

ብዙም ሳይቆይ አደይ አረፈች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች፣ ደረቴን ወጋኝ ብላ ጋደም አለች፣ አልተነሣችም። ክፍል ውስጥ ሳለሁ ተደውሎልኝ እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። የወለደችኝ እናቴ ስትሞት ልጅ ነበርኩ፤ እናት መሞት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

እነሱ ሰፈር ለቅሶ ላይ ምራት ከሴት ልጆቹ ጋር ነው የምትቆመው። ሹሩባዋን ፈትታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ፊቷን ሳትሸፍን ትቆማለች። አልቃሾቹ ሴቶች ተራ በተራ እየገቡ ደረት ሲመቱ መጀመሪያ የሚያዩት የእሷን ፊት ነው። ልጆቹማ ያለቅሳሉ፤ ምራቷ ከልቧ ማዘን አለማዘኗ የሚታየው በዚያ ፊት ነው። እኔም ቆምኩ፣ አለቀስኩ። እንባዬ ይወርዳል፣ ድምፄ ተዘግቷል፣ ደረቴን መትቼ መትቼ አቁስዬዋለሁ። ግንባሬ ግን እንደ ሰሐን ልሙጥ ነው። ቅንድቤ አይነቃነቅም። ልቋጥረው ታገልኩ፤ እምቢ አለ። ከዓይኔ ሥርም ሙሉ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሐዘን የጎበኘው አይመስልም። እንባው በሌላ ሰው ፊት ላይ የሚወርድ ይመስል ነበር።

የሴቶቹ ዓይን እኔ ላይ ሲቆይ አየሁ። የአደይ ታናሽ እህት፣ የባሌ አክስት፣ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃን መለሰችው። አየችውና ለቀቀችው። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ሲዞር ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል፦ ከሩቅ የመጣች ሰው ምን ይሰማታል፣ ጤናዋ ከመቼው ተመለሰ፣ አማቷ ስትሞት ወዟ ወጣ። እነዚህ እኮ ደኅና ሳለሁ ሲቀብሩኝ የነበሩት ሰዎች ናቸው! ከዓይኔ ሥር ባዶ ሲሆን በሽተኛ አሉኝ፣ ሲሞላ ጨካኝ አሉኝ።

ሣልስት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰሐን ላወጣ ዕቃ ቤት ገባሁ። ባሌ ተከትሎኝ ገባና በሩን ገርበብ አደረገው። አክስቱ ስለ ፊቴ ነግራዋለች። ከፊቴ ቆመ፣ አየኝ። ስንት ዘመን የጠበቅኩት እይታ እንደዚያ ነው የመጣው። ፊቴን በሙሉ፣ ከግንባሬ ጀምሮ፣ ዓይኔን፣ ከዓይኔ ሥር፣ እንደ አዲስ ዕቃ ገላልጦ አየው። ምን አድርገሽ ነው አለኝ። ነገርኩት። ክሊኒኩን፣ መርፌውን፣ ሁሉንም። አንተ እንድታየኝ ብዬ ነው አልኩት።

“እናቴ ስትቀበር አምረሽ ቆምሽ” አለኝ።

አደይ ከመሞቷ በፊት የተሠራ ነው ልለው ነበር፣ እሷም ወዳልኝ ነበር ልለው ነበር። እሱ ወጣ፣ እኔም ሰሐኖቹን ይዤ ወጣሁ፤ እንግዳ ይጠብቃል።

ከዚያ በኋላ አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፣ ሱቁ እንደነበረ ይከፈታል ይዘጋል። ብቻ ፊቴ ያለበትን አቅጣጫ እንደሚሸሽ ይገባኝ ነበር። ግንባሬ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሰ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የሚያወራ ተማሪ ልቆጣ ስል ቅንድቤ ሲሰበሰብ ተሰማኝና ፊቴን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዞርኩ። ምነው ያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ። ጄሉ ቀስ እያለ አለቀ፤ መጀመሪያ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ። እህቴ ደውላ ነይና እናሳድሰው ስትለኝ ስልኩን ዘጋሁባት።

የአደይ ሙት ዓመት ሲደርስ ድንኳኑ እንደገና ተተከለ። ሴቶቹ መጡ፣ አዩኝ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። አክስትየዋ ሳመችኝ፤ ተጎዳች፣ በጣም ተጎዳች እያለች ለጎረቤቶቿ አሳየችኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከጨካኝነት ወደ ደግነት ተሻገርኩ። አልሳቅኩም፣ ሊያሥቀኝ ግን ዳር ደርሶ ነበር።

ከጓዳ በስተጀርባ ስዋ፣ የትግራይን ጠላ፣ እየቀዳሁ ሳለ ባሌ መጣ። ማሰሮውን ከእጄ ተቀብሎ አስቀመጠውና ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያየኝ እንደነበረው ዓይነት፣ ሳይቸኩል ነው ያየኝ። አውራ ጣቱን ከዓይኔ ሥር አሳርፎ ጎድጓዳውን ዳበሰው።

“ለካ አንቺም አዝነሻል” አለኝ። “የእናቴ ሞት ጎዳሽ።”

እሺ ብዬ ብቀበለው ይቅርታው ሙሉ ይሆንልኝ ነበር። ስዋው ይቀዳል፣ ምሽቱ በሰላም ያልፋል፣ ከነገ ጀምሮ ፊት ለፊቴ ይቀመጥ ይሆናል። አደይን አዝኜላታለሁ፤ እግዜር ያውቃል። ግን ጣቱ ያረፈበት ጉድጓድ የእሷ አልነበረም።

“ይሄ እኮ ፊቴ ነው” አልኩት። “ስታገባኝም ይኸው ነበር።”

እጁን ሳያነሣ ትክ ብሎ አየኝ። ለማስታወስ ሲሞክር አየሁት። ደጋግሞ ሞከረ፤ አላስታወሰውም።