መሻገሪያ የነፈጉት መንገድ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት መስከረም ውስጥ ነው። አደጋውስ ይሁን፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከአደጋው በኋላ የተባለው ነው።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሥራዬ የቧንቧ ጥገና ስለሆነ መፍቻዬን ብስክሌቴ ላይ አስሬ ከሰፈር ሰፈር እዞራለሁ። በእኛ በኩል የሚያልፈው ዋና መንገድ ድሮ ጠባብና ጉድጓዳም ነበር። እግረኛው፣ ብስክሌተኛው፣ ባጃጁና ከባድ መኪናው እዚያው ላይ ይጋፋሉ። ሊሠራ ነው ሲባል ስብሰባ ጠርተው በወረቀት አሳዩን። ሰፊ አስፋልት አለው፣ የእግረኛ መንገድ አለው፣ ለብስክሌት እንኳ መስመር አለው። እኔማ ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት።

ሲያልቅ መንገዱ በእርግጥም ሰፋ። የብስክሌቱ መስመር ግን ወረቀቱ ላይ ቀረ። መሃሉን ደግሞ እስከ ወገብ በሚደርስ የኮንክሪት አካፋይ አጠሩት። አንዱ መሻገሪያ ከታች ማደያው ጋ ነው፣ ሌላው ከላይ ድልድዩ ጋ። ቤታችን ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ሆኖ፣ ለመሻገር ሩብ ሰዓት መሄድ፣ ከዚያ በማዶ ሌላ ሩብ ሰዓት መመለስ አለብን። መኪናው በበኩሉ የሚያዘገየው ሲያጣ መብረር ጀመረ።

ሸህ ሰይድ ጎረቤቴ ናቸው። ሰባውን አልፈዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ስኳር ስላለባቸው በባዶ ሆዳቸው ለመመርመር ጤና ጣቢያ ይመላለሳሉ።

ያን ቀን ረፋድ ላይ በጤና ጣቢያው በኩል ባለው መስመር ብስክሌቴን እየነዳሁ ስመጣ፣ ሸህ ሰይድን አካፋዩ ላይ አየኋቸው። አንድ እግራቸውን አሻግረዋል፣ ሌላው ቀርቷል።

«ሸህ፣ ባሉበት ይቆዩ! መጣሁ!» ብዬ ጮህኩ።

አልሰሙኝም። ሁለተኛውን እግር ሊያነሱ ሲሉ ተንሸራተው እኔ ባለሁበት አስፋልት ላይ ወደቁ። ወዲያው ከኋላዬ የከባድ መኪና ክላክስ ሰማሁ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ብስክሌቴን መንገዱ መሃል ጥዬ እጄን እያውለበለብኩ ፊቱ ቆምኩ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። መኪናው ብስክሌቴን ጨፍልቆ እኔ ጋ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

ሾፌሩ ዘሎ ወረደ። «ወላሂ አላየኋቸውም» እያለ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሰልኝ። ሸህ ሰይድ ከንፈራቸውን ነክሰው «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ይሉኛል፤ እኔን ማጽናናታቸው ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። የዚያኑ ቀን ወደ ደሴ ሪፈር ተጻፈላቸው።

በሦስተኛው ቀን መንገዱን ካሠራው መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ በመኪና መጣ። ሰፈርተኛው ከበበው። አካፋዩን አየት አደረገና «ችግሩ የግንዛቤ ነው። ሽማግሌው በተፈቀደው መሻገሪያ ቢሄዱ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር» አለ።

ደሜ ፈላ። «ጌታዬ፣ ጤና ጣቢያው ያውልዎት። በተፈቀደው መሻገሪያ ሄደው ይድረሱና ከማዶ እጅዎን ያሳዩን፤ እኛ እዚህ ቆመን እንጠብቅዎታለን» አልኩት።

ሰውየው ሳቀ። ከእሱ በቀር የሳቀ አልነበረም። የሸህ ሰይድ ልጅ ዘሀራ ከሰው መሃል ወጥታ የአባቷን ከዘራ ዘረጋችለት።

«እንካ፣ በአባቴ ከዘራ ሂድ። ፀሐዩንም አትርሳ፣ ቁርስም ሳትበላ ሂድ። ያኔ ግንዛቤ የጎደለው ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ» አለችው።

ሽቅብ ወደ ድልድዩ፣ ቁልቁል ወደ ማደያው ተመለከተ። ከዘራውን አልተቀበላትም። «ሐሳባችሁን እናቀርባለን» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ሠራተኞች ቀለም ሲቀቡ አየሁ። ዜብራ! ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። ነጩ መስመር ከዳር ተነስቶ አካፋዩ ሥር ይደርሳል፣ ከአካፋዩ ማዶ ደግሞ ይቀጥላል። ኮንክሪቱ እንዳለ ቆሟል።

«ግንቡስ?» አልኩት ቀቢውን።

«እኛ የታዘዝነው ቀለም ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። አፍሮ አቀረቀረ።

እስከ ዛሬ ያው ነው። ነፍሰ ጡሮች ሳይቀሩ በዜብራው ሄደው ግንቡን ይዘላሉ። ሸህ ሰይድ አልሃምዱሊላህ ድነዋል፤ ከግቢያቸው ግን አይወጡም። መድኃኒታቸውን የምናመጣላቸው እኛ ነን።

ስበሳጭ ሲያዩኝ «ተው ልጄ፣ ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው» ይሉኛል። እሳቸው ይቅር ብለዋል። እኔ አልቻልኩም። ቀደርን አልክድም፤ ያንን ግንብ ያቆመው ግን ሰው ነው፣ ሰው ሊያፈርሰው ይችላል።