ቁርጡን የተናገሩት አምባሳደር

ዲፕሎማት የሚባል ፍጥረት እውነት ይናገራል ብዬ አምኜ አላውቅም ነበር። ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር፣ የአንድ ሩቅ አገር ኤምባሲ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ፤ አገሩን አልጠራም። አማርኛውን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛውን ወደ አማርኛ ስመልስ ምላሴ ላይ የተለጠፈው ዓረፍተ ነገር «ጉዳዩ ያሳስበናል» የሚለው ነው። ሰው ታሰረ፣ ያሳስበናል። ሰው ተገረፈ፣ በጥብቅ ያሳስበናል። አንዳንዴ እንዲያውም ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ በሆዴ ተርጉሜ እጨርሰዋለሁ። ያጠፋው ወዳጅ መንግሥት ከሆነ ደግሞ ያቺውም አትገኝም።

አምባሳደሯ ሲመጡ የተለየ ነገር አልጠበቅሁም። ዕድሜያቸው ወደ ጡረታ የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ካልቀረቧቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። የጅቡቲ ሙቀት ፊታቸውን ቲማቲም ሲያስመስለው እንኳን «ሞቀኝ» አይሉም። የመጡ ሰሞን ሆዳን ሰፈር፣ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ «የዘንድሮዋ ደግሞ ስትናገርም አትሰማ» ብዬ ስቄባቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ከባሕር ማዶ የተመለሱ የአገሬ ልጆች በዝተው ነበር። ሥራ ፍለጋ በጀልባ ተሻግረው፣ ማዶ ካለ አንድ ድንበር ላይ ጠባቂዎች ተኩሰውባቸው፣ የተረፉት ወደዚሁ የተመለሱ ናቸው። የተኮሰው መንግሥት የኤምባሲያችን አገር የልብ ወዳጅ ነው። መሣሪያ ከእነሱ ይገዛል፣ ወታደሮቻቸው አብረው ይለማመዳሉ፣ ድግስ በተደገሰ ቁጥር እዚህ ያለው እንደራሴው የክብር ወንበር ላይ ይቀመጣል። ስለ ተኩሱ ሲጠየቅ «እንዲህ ያለ ነገር ከቶ አልተፈጸመም» አለ። ይኸው ክህደት በየሬዲዮው ተነገረ፤ አገር ቤትም ተሰማ።

አምባሳደሯ ልጆቹን በጆሮዬ ልስማ አሉና ካርቲዬ ሁለት ወደሚባለው ሰፈር ወሰድኳቸው። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሴቶች ፍራሽ ለፍራሽ ተደራርበው ይኖራሉ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ከዶራሌ ወደብ የሚወጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት ሳህን የምታጥብ ወጣት፣ ታሪኳን ነገረችን። ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነበር የተሻገረችው። ድንበሩ ላይ ሲተኮስ እጁን ይዛው ነበር። ወደቀ። ተንበርክካ አየችው፤ አልቋል። ሻርፗን አልብሳው ሮጠች። ይህን ሁሉ ስትል ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ እኔ ነኝ መተርጎም ያቃተኝ።

መኪና ውስጥ አምባሳደሯ ቀስ ብለው፣ ልጅቷ ለምን እንዳላለቀሰች ጠየቁኝ። ምናልባት ወንድሟ መሞቱን እርግጠኛ አይደለች ይሆን አሉ። ደሜ ፈላ። ሥራዬን ብወድም ምላሴ አይታዘዘኝም፤ እኛ ዘንድ እናት ሳትረዳ እህት አታለቅስም ብዬ አፈረጥኩት። ካለቀሰች ወሬው ይወጣል፤ ወሬው ከወጣ እናት መርዶዋን ከመንገድ ትሰማለች። ስለዚህ ልጅቷ እንባዋን ውጣ ሳህን ታጥባለች።

ታዲያ እናትየው ለምን አልተነገራትም አሉኝ። እሱን ልጅቷ ቀድማ ነግራኝ ነበር። አገር ቤት ላሉት የመንደሯ ሽማግሌዎች ደውላ ነግራቸዋለች፤ ሽማግሌዎቹ ግን ቁርጡን ሳናውቅ አንናገርም ብለዋታል። አንቺ በጥይት መሀል ደንግጠሽ ይሆናል፤ ይኸው መንግሥት የሚያህል ነገር ማንም አልሞተም ይላል ነው የሚሏት። መፍራታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጎረቤት መንደር በወሬ ብቻ ተነሥተው ለአንዲት እናት የልጇን መርዶ ነግረዋት ነበር። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ልጁ ስልክ ደወለ። እናትየው ድምፁን ሰምታ የሰይጣን ማታለያ ነው አለች፤ እስከ ዛሬም ልጄ ነው ብላ አላናገረችውም። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ እርግጠኛ ሳይሆን መርዶ የሚናገር ሽማግሌ የለም።

እንግዲህ የዚያች ወጣት እናት ልጇን እየጠበቀች ነው። ስልክ ሲጮኽ እየሮጠች፣ ለበዓል ድርሻውን እያስቀመጠች።

አምባሳደሯ መጠየቅ ጀመሩ። መርዶ የሚናገረው ማን ነው? ሰው የሚያከብረው፣ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው ነው አልኳቸው። መቼ? በማለዳ፣ እናት ወደ ሥራዋ ሳትወጣ። ብቻውን? ኧረ በጭራሽ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ምን ብሎ? እዚህ ላይ አሰብኩ። ዳር ዳሩን ይዞራል፣ ኋላ ግን ሳይሸፋፍን ሞቷል ይላል አልኳቸው። ቃሉን ካላለው መርዶ አይደለማ። አለቃዬ ላይ መጮኼ ትዝ ያለኝ ኤምባሲ ስንደርስ ነው።

ከዚያ በኋላ አምባሳደሯ መግለጫ እሰጣለሁ ብለው ሰው ጠሩ። የሚነበበው ከአገራቸው ተጽፎ መጥቷል፤ ቀድሜ እንድዘጋጅ ሰጥተውኝ አይቼዋለሁ። ያው ነው፣ «የወጡት ዘገባዎች ያሳስቡናል»። የገረመኝ ሰዓቱ ነው። የኤምባሲ ጥሪ እንደ ልማዱ ፀሐይ ስትበርድ ነው፤ እሳቸው ግን በማለዳ አደረጉት። ዲፕሎማቶቹ ዓይናቸውን እያሹ ወደ ግቢው ገቡ። የክብር ወንበሮቹ ላይ እነዚያ የካርቲዬ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል። የወዳጁ መንግሥት እንደራሴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦታ ተሰጥቶት ፊቱ ጠቁሯል። አምባሳደሯ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ወጡ። ወረቀቱ እጃቸው ላይ አልነበረም።

«ዛሬ ስጋት አልገልጽም» አሉ፣ በዚያችው በማትሰማ ድምፅ፤ ሰው ሁሉ ወደ ፊት አዘነበለ። «ድንበር ጠባቂዎቹ ባዶ እጃቸውን በቆሙ ሰዎች ላይ ተኩሰዋል። ሰዎቹ ሞተዋል። የገደላቸው የአገሬ ወዳጅ ነው። ወዳጃችን ስለሆነ ዝም ብለናል፤ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ዝም አልልም።»

መተርጎሜንም ረስቼ ነበር፤ ዞር ብለው ሲያዩኝ ነው የነቃሁት። «ሞተዋል» የሚለውን በአማርኛ ስናገር ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ስንት ዘመን ያንን ቃል በ«ጉዳት ደርሶባቸዋል» ስሸፍነው ኖሬያለሁ። እንደራሴው ተነሥቶ ወጣ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። አምባሳደሯ ግን ባሉበት ቆሙ። ነፋስ የማይችሉ የሚመስሉት ሴት፣ መንግሥት የሚያህል ነገር ፊት ለፊታቸው ሲነሣ ዓይናቸውን አላርገበገቡም። እውነቴን ነው፣ ፈራኋቸው። በሰው ፊት እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ንግግሩን የአማርኛ ሬዲዮዎች አሰሙት። የዶራሌ ሾፌሮች ሞተር አጥፍተው ሲያዳምጡ እንደነበር ልጅቷ ነገረችኝ። ኤምባሲው ውስጥ ግን ቀብር መሰለ። የቡና ሰዓት ላይ ከአምባሳደሯ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። ጸሐፊያቸው በሹክሹክታ ነገረኝ፤ ከአገራቸው፣ ያልተረጋገጠ መረጃ ይዤ ተሳስቻለሁ ይበሉ ተብለዋል። ካሉ እስከ ጡረታቸው በሰላም ይቆያሉ። ካላሉ ሻንጣቸውን ይዘው ይመለሳሉ። እስቲ ላስብበት ብለዋል አለችኝ።

በማግሥቱ ስልኬ ጮኸ። የመንደሩ ትልቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጥሬን የሰጠቻቸው ልጅቷ ናት።

«ልጄ፣ ሬዲዮኑን ሰምተናል» አሉኝ። «አንድ ነገር ጠይቂልን። ሴትዮዋ ነገ ተነሥተው ተሳስቼ ነው ይሉ ይሆን? እናቱን ካረዳናት ወዲያ ቃላቸውን ቢያጥፉ፣ እኛ መግቢያ የለንም።»

መስመሩን ሳልዘጋ ወደ ቢሯቸው ሮጥኩ፤ በር ማንኳኳትም አላሰብኩ። ሽማግሌው ያሉትን ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። አምባሳደሯ ወደ መስኮቱ ዞረው ወደቡ ላይ የሚንቀሳቀሱትን ክሬኖች አዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው ነው።

«አላጥፍም በያቸው» አሉኝ። «ማንም ቢያዘኝ አላጥፍም።»

ነገርኳቸው። ሽማግሌው እንግዲያው ነገ ማለዳ እንነግራታለን አሉ። ስልኩን ስዘጋ አምባሳደሯ የራሳቸውን አንሥተው ወደ አገራቸው ይደውላሉ። እኔ እዚያው ቆሜ፣ ለአለቆቻቸው ያንኑ ሲናገሩ ሰማሁ። ረጅም አልነበረም። ጨርሰው ስልኩን ቦታው አስቀመጡና ነገ የት እንደምንሰበሰብ ጠየቁኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ካርቲዬ ሁለት ያለ ባንዲራ፣ ያለ ሾፌር፣ በታክሲ መጡ። አለቆቻቸው ከሹመታቸው አንሥተዋቸው ከትናንቱ ስልክ ወዲህ አምባሳደር አልነበሩም። ጫማቸውን አውልቀው ከሴቶቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ማንም ወንበር አላቀረበላቸውም፤ ደግሞም ማን ያስታውሳል በዚያ ሰዓት። ልጅቷ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትጠብቃለች።

ደወለ። መጀመሪያ የብዙ ሰው ሹክሹክታ፣ ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። ከዚያ የእናትየው ጩኸት ክፍሏን ሞላት። ልጅቷ ያን ሁሉ ጊዜ የዋጠችውን በአንድ ጊዜ አወጣችው፤ ደረቷን እየደቃች ወንድሟን ጠራችው። አምባሳደሯ ትርጉም አልጠየቁኝም። አቅፈዋት፣ አብረዋት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ።

ቆይቶ ሽማግሌው አስተርጓሚዋን አገናኙኝ አሉ።

«እናቱ ትጠይቃለች» አሉኝ። «ስለ ልጄ የተናገሩት ሴትዮ የማን ዘመድ ናቸው ትላለች።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። አንድ እጃቸው የልጅቷ ጀርባ ላይ ነው፤ ፊታቸው በላብና በእንባ ርሷል።

«የልጇ ዘመድ ናቸው በሏት» አልኳቸው።