ቅንድቡ የተሰነጠቀው መልአክ

ይመኙሽ የምትጋግረውን ኩኪስ አትቀምስም። የገና ኩኪስ የሚጋገረው በነቢያት ጾም የመጨረሻ ሳምንት ነው። ሊጡ ቅቤና እንቁላል አለበት፤ ላዩ ላይ የሚፈሰው ክሬምም የእንቁላል ነጭ ከስኳር ዱቄት ጋር ተመትቶ የሚሠራ ነው። እሷ ደግሞ የመካነ ብርሃን ልጅ ናት፤ በጾም ጣቷን እንኳ አትልስም። ስለዚህ ከኦቨኑ የወጣውን የመጀመሪያ ትሪ ይዛ ከጓሮ ክፍሏ ወደ እኔ በረንዳ ትመጣለች። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ ቤቴን ከተከራዩት ሁሉ ረጅም ጊዜ የቆየችው እሷ ናት። እኔ በሐኪም ትእዛዝ ጾም ከተውሁ ዓመታት አልፈዋል። ጡረታ የወጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለአገሩ የሚጠቅመው ነገር ከጠፋ፣ ኩኪስ መቅመስ ቀላል አገልግሎት አይደለም።

«ጋሼ፣ ምን ምን ይላል?» ትለኛለች።

ብርቱካን ብርቱካን እንደሚል፣ ኮረሪማው ግን ዘግይቶ ከኋላ እንደሚመጣ እነግራታለሁ። በዝቶ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ትንሽ፣ እላታለሁ።

«እርስዎ ትንሽ ካሉ በጣም በዝቷል ማለት ነው፤ ሰው ማስቀየም አይወዱማ» ብላ ትሪዋን ይዛ ትመለሳለች።

ጎንደር የመጣችው ልትማር ነበር። ዘመድ ቤት እየሠራች የማታ ትምህርት ጀምራ አቋረጠች፤ ከዚያ ፒያሳ አካባቢ አንድ ኬክ ቤት ትሪ አጣቢ ሆና ገባች። ያስተማራት ሰው የለም። ኬክ ሠሪው ክሬም ሲጨምቅ እያየች፣ የተረፈውን በተበላሸ ኬክ ላይ እየሞከረች ለመደች። ብዙ ከቆየች በኋላ ያገለገለ ኦቨን ገዝታ ለብቻዋ ወጣች። የሊጥ መዳመጫዋ ጠርሙስ ነበር። መቁረጫዎቿን ከዘይት ቆርቆሮ አንድ ቀጥቃጭ ሠራላት፤ ኮከብ፣ ደወል፣ መልአክ። ክሬሙን የምትጨምቀው ጫፉ በተቆረጠ ፌስታል ነው።

ስሟን ያስጠራው መልአኩ ነው። በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ እንዳሉት፣ ፊትና ሁለት ክንፍ ብቻ ነው፤ አካል የለውም። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ወደ ጎን ያያሉ። የሆስፒታል ነርሶች፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሠራተኞች፣ ለቤተሰብ ይዘው የሚሄዱ ተማሪዎች ገና ሲደርስ ያዝዟታል። ባለፈው ዓመት ገና ሲቀርብ አንዱን ከመቅመሴ በፊት አገላብጬ ሳየው የቀኝ ቅንድቡ መሐሉ ላይ ተቋርጧል። ሌላውን አነሣሁ፤ እሱም እንደዚያው ነው። ነገርኋት።

«ክሬሙ እየደረቀብኝ ነው ጋሼ» አለችኝ። «ፌስታሉን ስጨምቀው እዚያች ላይ ይይዘኛል።»

አመንኋት። እንደ ትልቅ ነገርም አላየሁት፤ ቆርጥሜ በላሁት።

ያ ገና የመጣው ወንድሟ አላምረው በሞተ በሁለተኛው ወር ነበር። አላምረው ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ወባ ያዘው። በመኪና ጎንደር አምጥተውት ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛ፤ በእህቱ እጅ ላይ አረፈ። እዚሁ ጎንደር ቀበርነው። እናታቸው እማሆይ ለመባል እንኳ ያልደረሱ፣ ባንቺአየሁ የሚባሉ ሴት ናቸው። በዚያው ሰሞን ልባቸውን ታመው ከአልጋ ገና መነሣታቸው ስለነበር ድንጋጤ እንዳይነካቸው ሐኪም አስጠንቅቆ ነበር። የእናትየው ወንድም ላቀው ከመካነ ብርሃን መጥቶ ቀብሩ ላይ ቆሞ፣ «እስክትጠና ማንም አይንገራት» አለ። መርዶ ማቆየት በአገራችን ያለ ነው። ያለጊዜው የተነገረ መርዶ ሌላ ሬሳ ይጨምራል ብለን እንፈራለን።

ማቆየት ግን የሚያልቅበትን ቀን ራሱ አይነግርም። አንድ ጊዜ ልባቸው ደክሟል ተባለ፤ አንድ ጊዜ ዐቢይ ጾም ገባ፤ አንድ ጊዜ ክረምቱ መንገድ ዘጋ። ይመኙሽ በሳምንት በሳምንት ትደውላለች። አላምረው ደህና ነው፣ መተማ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ስልኩ ኔትወርክ አይደርሰውም፣ ሰላም ብሎሻል። ስታወራ አንዳንድ ጊዜ በረንዳዬ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ፤ ድምጿ ሲዘፍን የነበረ ሰው ድምፅ ይመስላል። የሞተን ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ማስነሣት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጨርስ በፍልስፍና ክፍል ያስተማረኝ የለም። እኔም ለተማሪዎቼ አላስተማርሁም።

ያን ገና ለእናቷ አንድ ካርቶን መልአክ በላቀው እጅ ልካ ነበር። ከእናቷ መልእክት መጣ፦ «ሸጋ ነው፤ እጅሽ ይባረክ።» ሌላ ቃል አልነበረበትም።

ዘንድሮ ላቀው ራሱ ለበዓል ማራኪ መጣ። ከገና ማግስት ሄደን ለእናትየው መርዶውን እንድንነግር ቆርጦ ነው የመጣው። ይመኙሽ ትሪ ላይ የደረደረቻቸውን መላእክት ቁልቁል አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እናንተ ማራኪዎች መልአክ ትቆረጥማላችሁ እንዴ?» አለ። «ሰይጣን ብትሠሪ እኮ እኔም አግዝሽ ነበር።»

«አያ ላቀው፣ ሰይጣን ብሠራ ማን ይገዛኛል?»

«አያ መምህሩ ይገዙሻል፤ የተማረ ሰው ሁሉን ይቀምሳል» አለና ወደ እኔ ጠቀሰ። ሳቅን። የመጨረሻ ሳቃችን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር መሰለኝ፤ ቶሎ አላቆምነውም።

እኔም አብሬ እንድሄድ መጠየቁ አላስገረመኝም። መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ይፈልጋል፤ ቀብሩ ላይ የነበረ ሰው ደግሞ ቃሉ ይታመናል። ደባርቅ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ተራራውን አቋርጠን በሌላ መኪና ሄድን። ይመኙሽ ካርቶኑን ከጉልበቷ አላወረደችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ብርዱ በመስኮት ሲገባ፣ «ጋሼ፣ ብትሞትብኝስ?» አለችኝ። ጋቢዬን አለበስኋት።

ላቀው ቤት አደርን። ጎህ ሲቀድ እኔ፣ ላቀው፣ ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎችና ይመኙሽ ተነሣን። ላቀው የመከረው እንዲህ ነበር፦ ይመኙሽ ካርቶኗን ይዛ እንደ በዓል እንግዳ ቀድማ ትገባለች፤ እናቷን አቅፋ ታስቀምጣቸዋለች፤ እኛ ከኋላ እንገባለን፤ ላቀው ይናገራል። ውሃ ያዘጋጀ ሰው ነበር፤ ከወደቁ የሚደግፋቸውም ሰው ነበር።

በሩ ግን ክፍት ነበር። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ላቀው ደፉ ላይ ቀጥ አለ። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው፤ ጥለቱ ከእግር ተነሥቶ አንገት ላይ ይመጣል። በዚያ መንደር ያን ሰሞን የሞተ ሰው አልነበረም። ይመኙሽ ካርቶኑን እንዳቀፈች እናቷንና ነጠላውን እያፈራረቀች ታያለች።

«ምነው እንዲህ ለብሰሽ?» አለ ላቀው። ድምፁ የሱ አይመስልም።

«ብቻዬን ስሆን እንዲህ ነው የምለብሰው» አሉ። «ደጅ ስወጣ አስተካክለዋለሁ። ማታ ሽማግሌ ይዛችሁ እንደገባችሁ ሰምቼ፣ ዛሬ እንደምትመጡ ስላወቅሁ አላስተካከልሁትም። ግቡ፣ ብርድ ነው። ቆማችሁ አትንገሩኝ።»

ገባን። ማንም ማንን አላየም። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ተነሥተው ከሳጥናቸው ነጭ ጨርቅ አወጡ፤ ጉልበታቸው ላይ ፈቱት። ውስጡ አንድ መልአክ አለ። የዓመት ኩኪስ ነው፤ ስኳሩ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ቀለሙ ትንሽ ወይቧል፤ ዓይኑ ግን እንዳለ ነው።

«ይሄ ማነው?» ሲሉ ልጃቸውን ጠየቁ።

«መልአክ ነው፣ እማዬ።»

«መልአክን በሬ ይወጋዋል?»

ይመኙሽ አልገባትም። እኔም አልገባኝም። ላቀው ግን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ በጣታቸው የቀኝ ቅንድቡን፣ ክሬሙ የተቋረጠበትን፣ ነኩ።

«እዚህ ላይ ነው ቦራው በሬያችን የወጋው። ልጅ ሆኖ። ደሙን ያቆምሁት እኔ ነኝ፤ ጠባሳው ላይ ጠጉር በቅሎበት አያውቅም። ሕያው ሰው ክንፍ የለውም። ልጄን ክንፍ አብቅለሽ ላክሽልኝ፤ አየሁት፤ ገባኝ።»

«አላወቅሁም» አለች ይመኙሽ። «እማዬ፣ ክሬሙ እኮ ነው፣ ስለሚደርቅ እዚያ ላይ…»

እናቷ እጃቸውን ዘርግተው የዘንድሮውን ካርቶን ከእቅፏ ወሰዱ። ክዳኑን ከፈቱ። አንዱን አውጥተው ከአሮጌው አጠገብ አደረጉት፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። ሁሉም የቀኝ ቅንድባቸው መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። ሰባት ስምንት የአላምረው ፊት ከእናቱ ጉልበት ላይ ሆኖ ወደ ጎን ያየን ጀመር።

ይመኙሽ እጆቿን አየች። እንደማታውቃቸው፣ የሌላ ሰው እጆች እንደሆኑ ከፊቷ አርቃ ይዛ አየቻቸው። እኔ ሁለት ገና ሙሉ ያንን ፊት ቀምሼ ኮረሪማው በዛ አነሰ ስል ነበር። ግማሽ ማራኪ ያንን ፊት ከሻይ ጋር በልቷል። አፍ በደበቀው ነገር ላይ እጅ የራሱ ፈቃድ እንዳለው ብዙ ጊዜ አስቤ አላውቅም፤ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን አንድ ሰው ሲሠራ ሳይ ከፊቱ ይልቅ ጣቶቹን ነው የማየው።

መጀመሪያ የተናገረው ላቀው ነው። ዓመት ሙሉ ስለምን ዝም እንዳሉ፣ ስለምን ለእሱ እንኳ እንዳልነገሩት ጠየቃቸው። ቁጣ ያለበት ልመና ነበር።

«ያልነገራችሁኝን በምን አፌ ላልቅስ?» አሉት። «ብጮህ አገር ይሰማል፤ አገር ከሰማ ይቺም ትሰማለች። በእጇ እንዳረዳችኝ ያን ጊዜ ታውቃለች። በእጇ ሠርታ ነው የምትበላ። እጇ ቢሰበርስ?» ከዚያ ወደ ይመኙሽ ዞሩ። «በስልክ ደህና ነው ስትይኝ እኔም እሰይ እልሽ ነበር። አንቺም ለፋሽ፤ እኔም ለፋሁ። አሁን በቃን። ልቤ ያን ጊዜ ካልቆመ ዛሬም አይቆምም። ንገሩኝ። በቃል ካልነገራችሁኝ እርሜን ማውጣት አልችልም።»

ሽማግሌዎቹ ላቀውን አዩት። ላቀው የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ ጫነ። እኔ ለዚህ ነበር የመጣሁት፤ ተነሥቼ ቆሜ እንኳ ነበር። ቀድማኝ ይመኙሽ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«አላምረው ሞቷል፣ እማዬ» አለች። «ጎንደር ነው የቀበርሁት። ስሙን እየጠራሁት ነው የሞተው።»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ መላእክቱን አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ መለሱ፤ አሮጌውን በጨርቁ ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ አስቀመጡ። ክዳኑን ዘጉ። ከዚያ ጮኹ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ዓመት ሙሉ የታመቀ ነበር፤ ከእኒያ ሴት ደረት ያ ሁሉ እንዴት እንደወጣ ገና አልገባኝም። መንደሩ ከየቤቱ እየሮጠ መጣ። ውሃ የያዘው ሰው ውሃውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ አልወደቁም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲቀልል ወይዘሮ ባንቺአየሁ ካርቶኑን አስመጡና መላእክቱን ለተቀመጠው ሰው አደሉ። ማንም ወደ አፉ አላስጠጋውም። እጃቸው ላይ ይዘው ቅንድቡን ያያሉ፤ የፊቱ ነገር ተሰምቶ ነበርና።

«ብሉ እንጂ» አሉ። «ጣፋጭ ይወድ ነበር።»

ላቀው መጀመሪያ ቆረጠመ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ሰይጣን ስለመቆርጠም ያወራው ሰው ያ ነው ብሎ የሚያምን የለም።

ከዚያ አሮጌውን አስመጡ። ይመኙሽ አጠገባቸው ነበረች፤ ከመጣን ወዲህ እጆቿን በነጠላዋ ሸፍና ነበር የምትቀመጠው። ጨርቁን ፈቱት፤ መልአኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አንዱን ክንፍ ቀጭ አደረጉት፤ ሌላውንም። ክንፎቹ ተለይተው ፊቱ ብቻ ቀረ፤ ክብ፣ ዓይነ ትልቅ፣ ቅንድቡ የተሰነጠቀ ጎረምሳ። ፊቱን መልሰው ጠቀለሉት። አንዱን ክንፍ ወደ አፋቸው አደረጉ፤ ሌላውን ለይመኙሽ ዘረጉላት። እጇን ከነጠላዋ እስክታወጣ ድረስ ዘርግተው ጠበቁ። በመጨረሻ አወጣችና ተቀበለች።

ሁለቱም ያላምጡ ጀመር፤ ደረቅ ስለነበር ጊዜ ወሰደ።

«ምን ምን ይላል?» አሉ እናቷ፤ የአፋቸውን ነገር ስሙን ያጡት መስለው። «ሽታው ዓመት ሙሉ ጨርቁ ላይ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁትም።»

ይመኙሽ እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዞረች። ልመልስላት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ግን አየኋት፤ አፏ ውስጥ ክንፉ አለ፤ ጾሙም አልፏል። መልሱን ለእሷ ተውሁላት። ምላሷን አገላበጠች፤ ለረጅም ጊዜ አገላበጠች።

«ብርቱካን ብርቱካን ይላል፣ እማዬ» አለች። «ኮረሪማውን አብዝቼበታለሁ።»