የጽጌ ሳል

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ልደታ ሰፈር አዲስ ከተሠሩት ሕንፃዎች አንዱ ላይ ወደሚሰጥ ሥልጠና ወሰደችኝ። «እቴቴ፣ ያንቺው ሙያ ነው፤ ትወጂዋለሽ» ብላ። አሠልጣኙ ከረባት ያሰረ፣ ጥርሱ የማይከደን ልጅ ነው። «የታፈነ ድምፃችሁን በሁለት ቀን ነፃ አወጣላችኋለሁ» አለና አዳራሹን ሙሉ ሰው አስጮኸ። ከታች መንገድ ላይ ያሉት የሚኒባስ ረዳቶች ማንም ሳያሠለጥናቸው ከዚህ የተሻለ ይጮኻሉ። የእህቴ ልጅ ጉሮሮዋ እስኪሻክር ስትጮህ እኔ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ጽጌን አስታወስኩ።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ በአንድ ቲያትር ቤት ተዋንያንን ድምፅ አስተምር ነበር። ትንፋሽ ከሆድ፣ መንጋጋ ላላ፣ ትከሻ ዝቅ። የማውቀው ይኸው ነበር፤ በእሱም እኮራ ነበር። ጽጌ ከተማሪዎቼ ሁሉ ድምፀ መልካሟ ነበረች። እሷ አብነት ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ስትኖር፣ እናቷ ደብረ ብርሃን ይኖሩ ነበር። በዚያ ዓመት በምናሳየው ቲያትር እናቷ የሞተችባትን ልጅ ሆና ትጫወታለች። መጨረሻ ላይ ሙሾ ስታወርድ አዘጋጁ ጋሽ ተሾመ ከጥግ ቆሞ የሚያየው እሷን ሳይሆን መሐረብ የሚያወጣውን ተመልካች ነበር። ጋሽ የምለው ከልማድ ነው።

ግንቦት ውስጥ አንድ ዓርብ የጽጌ ወንድም ቲያትር ቤት ደወለ። እናታቸው ዐርፈዋል። ስልኩን ያነሣው ጋሽ ተሾመ «ለእኛ ተዉት፣ እኛ እናረዳታለን» አለው። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ ነው የሚነገረው፤ ደግ ልማድ ነው። ይህን ደግ ልማድ ሰውየው ለትኬት ሽያጭ አዋለው። ቅዳሜና እሁድ ትጫወት፣ ሰኞ ማለዳ ይነገራት ብሎ ከሁሉም ጋር ተስማማ። ከእኔ ብቻ ደበቀ፤ አፌ እንደማያርፍ ያውቃል። ቀብሩ ቅዳሜ ተፈጸመ።

እሁድ ከሰዓት ጽጌ ለመድረኩ እናት አለቀሰች። ባልደረቦቿ እያወቁ ከግራና ከቀኝ ደገፏት። እነዚያ ሰነፎች በሕይወታቸው በደንብ የተወኑት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰኞ ማለዳ ተጠርቼ ስደርስ ግቢዋ በሰው ሞልቷል፤ ቲያትር ቤቱ ያስቀቀለው ንፍሮ ቀርቧል። መርዶው ሲነገራት ጽጌ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

ሐኪም ጉሮሮዋን አይቶ ደህና ነው አለ። ጋሽ ተሾመ ደግሞ «ስንፍና ነው፤ አሠልጥኛት» አለኝ። እኔም ሞኟ ዝናቡን እያቋረጥኩ፣ ትኩስ ዳቦ ይዤ እየተመላለስኩ ትንፋሽ አስቆጥራታለሁ። ከሹክሹክታ በቀር ምንም የለም። አንድ ከሰዓት ጎረቤቷ በርበሬ ስታምስ ጭሱ ገባና ሁለታችንም ሳልን። የጽጌ ሳል ድምፅ ነበረው፤ ሙሉ፣ ጥርት ያለ ድምፅ። ድምጿ እዚያው አለ፤ ትምህርቴ ሁሉ ለዚህ ነገር የማይረባ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ልምምዱን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሽምብራው መቼ ተነከረ?» አለች በሹክሹክታ።

«የቱ ሽምብራ?»

«የንፍሮው። ተነክሮ ካላደረ አይበስልም መቼስ።»

አሰብኩት። «እሁድ ነው» አልኳት። እሷ መድረክ ላይ ስታለቅስ የገዛ እናቷ የለቅሶ ንፍሮ ከመጋረጃው ጀርባ ውሃ ውስጥ ነበር።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«ባውቅ ዓርብ ዕለቱን እነግርሽ ነበር።»

እጄን ይዛ ብዙ ቆየች።

በሳምንቱ ጋሽ ተሾመ ብርቱካን ይዞ መጣ። እግሩን አጣምሮ ተቀመጠና «የእሁዱ ለቅሶሽ፣ ልጄ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ አላየሁም። ለእናትሽም ክብር ነው» አላት። ጽጌ ብርቱካኑን አንሥታ እጁ ላይ መለሰችለት።

«ይውጡልኝ» አለች።

ድምፁ ግቢውን ሞላው፤ ጎረቤቷ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። ጋሽ ተሾመ አላፈረም። ፊቱ በርቶ ወደ እኔ ዞረና «ይኸው ድምጿ መጣ፤ ቅዳሜ ትጀምራለች» አለኝ።

አልጀመረችም። ጠቅልላ ደብረ ብርሃን ገባች፤ እናቷ መቃብር ላይ እስኪወጣላት አልቅሳለች። እኔም ያን ክረምት ቲያትር ቤቱን ተሰናብቼ፣ ሰው ከራሱ ሳይቀር ደብቆ የሚኖረውን የሚመረምረውን፣ ጥልቅ ሥነ ልቦና የሚሉትን ትምህርት ፍለጋ ብዙ ዓመት ፈጀሁ። እዚያም ቢሆን ከጋሽ ተሾመ የማይሻሉ መምህራን ገጥመውኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ሥልጠናው ላይ ባለ ከረባቱ ልጅ ወደ እኔ መጥቶ «እማማ፣ እርስዎስ ለምን አይጮኹም?» አለኝ።

«ምን አድርገኸኝ?» አልኩት። ቀልድ መሰለውና ሳቀ፤ እዚያ ካለው ሰው አንዱንም ምን እንደደረሰበት አልጠየቀም።

ዛሬም ሰው ድምፄ ጠፋ ብሎ ቤቴ ሲመጣ መጀመሪያ «እስቲ ሳል» እለዋለሁ። ሳሉ ድምፅ ካለው ስለ ትንፋሽ አላወራም። ማን ምን እንደደበቀበት ነው የምጠይቀው።