ለሼሁ ቀጥ ብሎ የቆመው ማሽን

ዛሬ አንድ የብረት ክንድ በጨዋነት በለጠኝ።

እዚህ መካነ ሰላም ኮሌጅ ውስጥ አውቶሜሽን አሰለጥናለሁ። ሰልጣኜ ጦይባ ራሷ ፕሮግራም ያደረገችው የሮቦት ክንድ ጠርሙስ ሲደረድር፣ አባቷ ሼህ ይመር ከወግዲ ከተፍ አሉ። "ብረት ስትጎረጉር ከምትውል ልወስዳት ነው!"

ጦይባ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ጀርባዋ፣ ሰው ሲጠጋ ማሽኑን የሚያቆመውን ሴንሰር ነካና ክንዱ ቀጥ አለ።

አስነሳሁት። እኔም ሰላም ልል ጎንበስ ስል በመቀመጫዬ ሴንሰሩን ነክቼ ደግሜ አቆምኩት። በቃ፣ ልጅቷን ወሰዷት አልኩ።

ሼሁ ግን ክንዱን ትክ ብለው አዩት። "ማሻአላህ! ይሄ ብረት እንኳ ትልቅ ሰው ሰላም ሲባል ሥራውን ያቆማል! ልጆቻችን ግን ስልካቸውን አያስቀምጡም። በሉ ትማር፤ አላህ ይባርካችሁ!"

"አሚን!" አልኩ። ስለ ሴንሰሩ ልንገራቸው? አብጃለሁ እንዴ?

እናንተስ፣ መቀመጫችሁ ባመጣው ምርቃት "አሚን" ብላችሁ ታውቃላችሁ?